እስከ መስቀል የተጾመው ዓሣ

በዚያ መስከረም የመምህርት የሻሽወርቅ አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍላት እንደነበር ላስላ። ገንዘቡን ተዉት፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ የምለው ሌላውን ወጪ ነው። ማለዳ ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ስትወርድ አጭሩን መንገድ ትታ በጭቃው በኩል ትዞራለች። በአጭሩ መንገድ የሚወርዱት ሴቶች ሲያዩዋት ጀርባቸውን ይሰጧታል፤ አንዷማ እንትፍ ትልባታለች። ስለዚህ የጧት ወጪዋ እግሯ ነው። ምንጩ ዘንድ ተራዋን ትከፍላለች፤ ቀድማ ብትደርስም የምትቀዳው መጨረሻ፣ ውኃው ከደፈረሰ በኋላ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በየደጁ ለተቀመጠው ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» ትላለች፤ መላሽ የለም። ክፍል ገብታ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታዞር አንዱ ልጅ ያስላል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ሳል ይሆናል። እዚያ የምታወጣው ድምፅዋን ነው። ከሰዓት በኋላ ጎመን ልትገዛ ትወጣለች። ጎመኑ ፊት ለፊቷ ተቆልሎ ሻጭዋ «አልቋል» ትላታለች። «ይኼስ?» ስትል፣ «የሰው ነው» የሚል መልስ ታገኛለች። ቤቷ ገብታ ሽሮዋን ማማሰል ስትጀምር ቆርቆሮዋ ላይ ጠጠር ይወረወራል።

ይህን ሁሉ የምትከፍለው በዓሣ እንቁላል ምክንያት ነበር።

እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቷ ነበርሁ። ጠጠሩ የኔንም ቆርቆሮ ስለሚያገኘው ሕፃኑ ልጄ እየባነነ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ነገሩ አያገባኝም ማለት አልችልም ነበር። ባለቤቴ የጤና ጣቢያው ረዳት ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ እሱን ተከትዬ ነው ወደዚያ መንደር የሄድሁት። መንደሩ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር፣ አንድ ወንዝ ጣና በሚገባበት አፍ አጠገብ ነው። ወንዶቹ ግማሹ ያርሳል፣ ግማሹ መረብ ይጥላል። ሴቶቹ ዓሣውን ሆዱን ከፍተው ያጥባሉ፤ እርጥቡን ወይም ቋንጣውን ባሕር ዳር ወስደው ይሸጣሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወንዶቹ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተደራጅተው፣ ማኅበሩ ለከተማው የሠራተኞች ምግብ ቤቶች ዓሣ ያቀርባል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አገኘሁ ይባላል።

የሻሽወርቅ የማክሰኝት ሰው ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው ሳይንስ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ ብዙ ዓመት ሐይቅ በሌለበት ስታስተምር ኖራ፣ ጣና ዳር ያለ ትምህርት ቤት ስጡኝ እያለች በየዓመቱ ስታመለክት፣ በመጨረሻ ተፈቀደላት። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ታንኳ ላይ ስትወጣ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። በዓመቱ ግን ልጆቹን አስከትላ ሐይቁ ዳር ውኃ ውስጥ በበቀለው ደንገል መካከል እስከ ጉልበቷ የምትገባ ሆነች። ጥሩ ጎረቤት ናት፣ ግን ቀላል ሰው አይደለችም። ሰው ሲሳሳት ሰምታ ማለፍ አትችልም። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጣ፣ ሟቹ በሐይቁ ጋኔን ነው የሞተው ሲባል፣ በወባ ነው ብላ ያረመች ሰው ናት። ስለዚህ ገና ነገሩ ሳይመጣ የሚጠሏት ነበሩ።

ነገሩ የመጣው ሰኔ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ወደ ወንዙ አፍ ወሰደቻቸው። ሐይቁ ምን በልቶ እንደሚኖር አሳየቻቸው፤ ድንጋዩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ዝቃጭ በጥፍራቸው አስፍቃ ትንንሾቹ ዓሣዎች የሚግጡት ይህን ነው አለቻቸው። ደንገሉ ከተመነጠረ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት እንደሚያጡ ነገረቻቸው። ከዚያ ስለ ነጩ ዓሣ አስተማረች። ነጩ ዓሣ ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ውስጥ ይኖርና፣ ነሐሴ ሲገባ፣ ወንዙ ቀይ ሆኖ ሲሞላ፣ በዚህ አፍ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል። ላይ ደርሶ ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ ጥሎ ይመለሳል። ማኅበሩ መረቡን ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው ደግሞ ልክ በዚያ ወር፣ ልክ በዚያ አፍ ላይ ነው፤ የሚያዘው ዓሣ ሁሉ ሆዱ የሞላ ነው።

እሌኒ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ባንቺአየሁ በመንደሩ የታወቀች ዓሣ ሻጭ ናት። እሌኒ ተነሥታ፣ ታዲያ መቼ ነው መያዝ ያለበት ብላ ጠየቀቻት። የሻሽወርቅም የመሪጌታ ልጅ ናትና ያደገችበት ነገር አፏ ላይ መጣላት። ልጆች ቀን ቆጥረው የሚይዙት ነገር ጾም እንደሆነ ታውቃለች።

«ሐይቁም ጾም አለው በሉ» አለቻቸው። «ፍልሰታ ሲገባ ይገባል፣ መስቀል ሲደርስ ይፈታል። በዚህ መካከል ነጩን ዓሣ አንነካም።»

ትምህርት ተዘጋ። እሷም ክረምቱን እናትና አባቷ ዘንድ ልትከርም ማክሰኝት ሄደች።

ፍልሰታ በኛ አገር የልጆች ጾም እንደሆነ ለማንም መንገር የለብኝም። ትልቁ ሰው ሲደክመው ልጆቹ ናቸው የሚበረቱት። እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል አይቀምሱም፣ ይቆርባሉ፣ እርስ በርስ ማን ጾመ ማን አልጾመ ይከታተላሉ። ዓሣ ግን ብዙው ሰው በጾምም ይበላል፤ በተለይ ከተማው። ማኅበሩም ሆነ እነ ባንቺአየሁ ከዓመት ዓመት ጥሩ የሚሸጡት በፍልሰታ ነው። በዚያ ዓመት ግን እሌኒ ዓሣውን አልበላም ብቻ ሳይሆን አላጥብም አለች። ጓደኞቿም ተከተሏት። ባንቺአየሁ መጀመሪያ ኮራች። ምንጭ ዳር ቆማ፣ ልጄ እንደ ገዳም ሰው ዓሣ እንኳ ተወች፣ እያለች ስታወራ እኔም ሰምቻለሁ።

ፍልሰታ ተፈታ። ዶሮ ታረደ፤ ልጆቹ በሉ። በማግስቱ ባንቺአየሁ ዓሣ የሞላ ቅርጫት ለእሌኒ አቅርባ ክፈችልኝ ስትላት ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ጾሙ ተፈትቷል አይደለም ወይ ብትባል፣ የማርያም ጾም ነው የተፈታው፣ የሐይቁ ገና ነው፣ እስከ መስቀል ነው አለች።

«ማነው ያወጀው?» አለቻት እናቷ።

«ቲቸር የሻሽወርቅ ናቸው።»

ይኸው ነው ስሕተቱ። ልጆቹ ምሳሌውን ሕግ አድርገው ያዙት። ዓሣ ማጠቡ ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ዓሣውን ወደ መረቡ የሚነዱት ልጆች ናቸው፤ ውኃው ውስጥ ገብተው በዱላ ይመታሉ፣ ይጮኻሉ። በዚያ ሰሞን አባቶቻቸው ሲጠሯቸው አንገባም አሉ። ኃጢአት ነው፣ ጾም መግደፍ ነው አሉ። የተገረፉ አሉ። እሌኒ በአለንጋ ተገርፋ ባለቤቴ ጀርባዋን ቅባት ሲቀባላት አይቻለሁ፤ አላለቀሰችም፣ እንዲያውም ሰማዕት የሆነች ይመስል ትንሽ ፈገግ ብላ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አባቶቹ ራሳቸው በከፊል ፈሩ። እውነት እንዲህ ያለ ጾም ቢኖርስ? አንዳንዱ መረቡን አንሥቶ፣ እስኪጣራ ብሎ፣ ቤቱ ተቀመጠ። ለከተማው የሚቀርበው ዓሣ ጎደለ። ከባሕር ዳር የማኅበሩን ሊቀመንበር ጠርተው ምን ሆናችሁ አሉት።

ሰዎቹ የደብሩን አገልጋይ ቄስ ገብረ ኪዳንን ጠየቁ። ቄስ ገብረ ኪዳን በጣም ተቆጡ። በመጽሐፍ የሌለ ጾም፣ ያውም ሴት፣ ያውም የመንግሥት ደመወዝ የምትበላ አስተማሪ አወጀች ብለው በዓውደ ምሕረት ላይ ተናገሩ። ጓድ አገኘሁ ደግሞ በተቃራኒው ተቆጣ። በአብዮቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ጾም ይሰበካል ወይ፣ ይህ የአድኃሪዎች አሻጥር ነው አለ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ቀላል ቃል አልነበረም፤ ሰው አሥሮ ያውቃል። እነዚህ ሁለት ሰዎች የደብሩ መሬት ለገበሬ ማኅበሩ ከተሰጠ ወዲህ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። በየሻሽወርቅ ላይ ግን ተስማሙ፤ ዋርካው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲማከሩ መንደሩ ሁሉ አየ።

እሷ ይህን ሁሉ ሳትሰማ በጳጉሜ ተመለሰች። ሻንጣዋን ይዛ ከመንገዱ ስትወርድ ማንም አልተቀበላትም። ቤቴ አስገብቼ ውኃ ሰጥቻት ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋ ቆመ።

«ጾም ብያለሁ እንዴ?»

«ብለሻል።»

«ምሳሌ እኮ ነው።»

«ልጆቹ የያዙት ምሳሌውን ነው» አልኋት።

በመስከረም መጀመሪያ፣ በምዝገባ ሰሞን፣ ርእሰ መምህሩ ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። ተማሪውና ወላጁ ባሉበት ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ አላት። ግለ ሂስ ማለት በስብሰባ ፊት ቆሞ ራስን መውቀስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ያላደረገ ሰው ጥቂት ነው። የምትለውን ደግሞ ቆርጠው ሰጧት፣ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጾም ማስተማሬ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ የጣና ዓሣ የማያልቅ የሕዝብ ሀብት ነው፣ በማንኛውም ወር ቢያዝ ጉዳት የለውም፣ ተቃራኒውን ማስተማሬም ስሕተት ነው። ሁለቱንም ካለች ጉዳዩ ይዘጋል፤ ከትምህርት ቤቷ አትነሣም። ካላለች ግን የሐይቁን ዳር ትለቃለች፤ ምናልባትም ከዚያ የባሰ ይመጣባታል።

እኔ ያለ ይሉኝታ የመከርኋት በይው ብዬ ነው። ብዙ ዓመት ለምነሽ ያገኘሽውን ቦታ በአንድ ንግግር አትጣይው፣ ዓሣው አይሰማሽ፣ በይና ተቀመጪ፣ ነገሩ ሲበርድ ቀስ ብለሽ ታስተምሪያለሽ አልኋት። ልጄን ከእጄ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዓሣው አይሰማም» አለችኝ። «ልጆቹ ግን ይሰማሉ።»

ስብሰባው ቅዳሜ ጧት በትምህርት ቤቱ ግቢ ሆነ። ወንዶቹ ድንጋዩ ላይ፣ ሴቶቹ ሣሩ ላይ፣ ልጆቹ በሰልፍ። ጠረጴዛ ወጥቶ ርእሰ መምህሩ፣ ጓድ አገኘሁና ቄስ ገብረ ኪዳን ተቀመጡ። እኔ ልጄን አዝዬ ከሴቶቹ ጋር ነበርሁ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ከጎኔ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። የሻሽወርቅ መሐል ላይ ብቻዋን ቆመች።

ጓድ አገኘሁ ረጅም ንግግር አደረገ። አባቱም የአባቱም አባት ይህን የወንዝ አፍ እንደዘጉ፣ ዓሣው ግን በየዓመቱ እንደሚመጣ፣ ከማክሰኝት የመጣ ሰው ስለ ጣና ሊነግረው እንደማይችል ተናገረ። ፋብሪካ የሚውለው ሠራተኛ ምን ይብላ፣ እንቁላል እስኪፈለፈል ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ወይ ሲል ሰዎቹ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ወደ እሷ ዞረ።

«ጓድ መምህርት፣ ጵጵስናው መቼ ደረሰሽ? ለእንኳን ደስ ያለሽ እንኳ ሳንመጣ።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ቄስ ገብረ ኪዳን አልሳቁም። «ጾም ሰባት ነው» አሏት። «የመሪጌታ ልጅ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። ስምንተኛውን ከየት አመጣሽው?»

እሷም ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሰዎች ለመስማት ጠጋ አሉ።

«አባ፣ እርስዎ እውነትዎን ነው። ጾም ማወጅ የኔ ሥልጣን አይደለም። ጓድ አገኘሁም እውነቱን ነው፤ ጾም በክፍል ውስጥ አይሰጥም። ቶሎ የሚገባቸው መስሎኝ ያልሁት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆች፣ የሐይቅ ጾም የሚባል ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ፍቱት።»

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ተያዩ። ጓድ አገኘሁ ፊቱ ፈታ አለ። ቀጥይ፣ ሁለተኛው ይቀራል አላት።

«ሁለተኛውን አልልም» አለች።

ርእሰ መምህሩ የምትለው የተጻፈበትን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገው፤ አላየችውም። ፊቷን ከጠረጴዛው ወደ ልጆቹ መለሰች።

«ነጩ ዓሣ በዚህ ወር ሽቅብ የሚወጣው እንቁላሉን ሊጥል ነው። የድሮው መረብ የቃጫ ነበር፣ ከወንዙ ግማሹን እንኳ አይዘጋም፤ የሚበጠስም ነበር። ያሁኑ ናይለን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ነው። አፉን በሙሉ ከዘጋን የሚወጣ የለም፣ የሚወጣ ከሌለ የሚወርድ የለም። አትያዙት ያልሁት ጾም ስለሆነ አይደለም። እንቁላል ስላለው ነው።»

ያኔ ግቢው ተንጫጫ። ውረጂ፣ ዝም በዪ፣ አስወጧት የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ባንቺአየሁ ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ልጆቼን እኔ ነኝ የማበላው፣ አንቺ ልጅ የለሽ፣ ዓሣውን ውለጂ እንግዲህ አለቻት። ያ ቃል ክፉ ነበር፤ ሴቶቹ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። የሚያሳዝነኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሰልፉ መካከል እሌኒ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ጾም አልነበረም?»

«አልነበረም» አለቻት።

«ታዲያ እኔ የተገረፍሁት ለምንድን ነው?»

ጠረጴዛው ፊት ያልተናወጠችው ሴት እዚህ ላይ ተናወጠች። ወደ ልጅቱ ሁለት እርምጃ ቀረበች፤ ልጅቱ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ለኔ ስሕተት ነው የተገረፍሽው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሌኒ አላደረገችላትም። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጆቹም ከአባቶቻቸው ጎን ቆሙ። ያ የክፍሉ ሳል የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጾሙ ሲፈታ የጾሙትን ሁሉ ያዋረደችባቸው መሰላቸው፤ በማግስቱ ብዙዎቹ ውኃው ውስጥ ገብተው በዱላ ይመቱ ነበር፣ ካለፈው ዓመት በበለጠ ድምፅ። እኔም ተናደድሁባት። ያን ጾም ዝም ብለሽ ብትተዪው እስከ መስቀል ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፣ ዓሣውም ይወጣ ነበር አልኋት። እሷ ግን፣ በሐሰት የተጠበቀ ነገር ሐሰቱ ሲታወቅ አብሮ ይሄዳል ብላ አልተቀበለችኝም። ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

የዝውውሩ ትእዛዝ የመጣው ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እንፍራንዝ ተመድበሻል፣ በአስቸኳይ ተገኚ ይላል፤ እንፍራንዝ ከሐይቁ ዳር ወጣ ያለ የገበሬ አገር ነው። መታሰር አልመጣም፤ ርእሰ መምህሩ ያን ያህል ሳይከላከልላት አልቀረም መሰለኝ። ጓድ አገኘሁ በቤታችን ፊት ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ እዚያ ጤፍና በቆሎ ነው ያለው፣ እስቲ ጤፉን ጾም አስይዢው ብሏት ሄደ።

ጓዟ ብዙ አልነበረም። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ በልብስ የተጠቀለሉ መጻሕፍት። ሣጥኑን ተሸክሜ፣ ልጄን አዝዬ፣ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኋት። ሌላ የሸኛት ሰው የለም። መንገዱ ዳር፣ አውቶቡሱ በሚቆምበት፣ ሴቶች ዓሣ ዘርግተው ለመንገደኛ ይሸጣሉ፤ ከሁሉ ፊት ባንቺአየሁ ነበረች። አየችን። ፊቷን ታዞራለች ብዬ ስጠብቅ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሥታ መጣች። ልትመታት መስሎኝ ሣጥኑን መሐላቸው አስቀመጥሁት።

«ስሚ አንቺ» አለቻት። «ጾሙን ፈታሽላቸው፣ የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ በላ። የኔዋ አልበላችም። ዓሣዬንም አትነካም።»

«ይቅር አላለችኝም እኮ።»

«አላለችሽም። ስምሽ ሲነሣ ተነሥታ ትወጣለች። ዓሣውን ግን አትነካም።»

«ምን ትላለች?»

«ጾም አይደለም፣ እንቁላል አለው ትላለች።» ባንቺአየሁ ድምፅዋ ሰለለ፤ ቁጣውና ድካሙ ተቀላቀለባት። «ቄሱ ዘንድ ወሰድኋት፣ ጾም አይደለም አሏት። ሊቀመንበሩ ዘንድ ወሰድኋት፣ ጾም አይደለም አላት። እሷም ጾም አይደለም ትላለች። እንግዲህ በምን ልርታት?»

የሻሽወርቅ ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ ነው ብዬ ፊቷን አየሁት። ሁለቱንም አላደረገችም። ከሐይቁ መካከል የተያዘ ቀረሶ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቀረሶ ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ አይደለም። ባንቺአየሁ ከቅርጫቱ ሥር አለ አለች።

«አንድ ሽጪልኝ።»

«ላንቺ አልሸጥም» ብላት ወደ ቅርጫቷ ተመለሰች።

እኔ ሂጄ ገዛሁ። ዋጋ ጨምራ ሸጠችልኝ፣ ለማን እንደሆነ አውቃ። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ስትሰጠኝ ግን ከነጩ ሳይሆን ከቀረሶው፣ ከትልልቁ መርጣ ነበር።

አውቶቡሱ መጣ። የሻሽወርቅ ወጥታ በመስኮቱ በኩል ዓሣውን ተቀበለችኝ። እንፍራንዝ አካባቢ ያሉት ወንዞችም ወደ ጣና ነው የሚወርዱት፣ ይህን ሳያዩት ነው የመደቡኝ አለችኝ። እንግዲህ እዚያ ደግሞ ወንዙን ከላይ ወደ ታች ታስተምራለች ማለት ነው፤ ከአሁን ለሚመጡት ጠላቶቿ አዘንሁላቸው። ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲነፋ እጄን ያዘች። «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ፤ ለከተማው ሴቶች ጻፊልኝ» አለች። የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው።

እኅቶቼ፣ በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ ልትገዙ ስትሉ ሆዱን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። እንቁላል ከወጣ መልሱት። ሻጭዋን አትስደቧት፣ ዝም ብላችሁም አትለፏት፤ እሷም የምታበላቸው ልጆች አሏት። ከሐይቁ መካከል የተያዘ ቀረሶ ካላት እሱን ከሷ ግዙ። ከሌላት ነገ አምጪልኝ በሏት፤ ነገም እባካችሁ ሄዳችሁ ከሷ ግዙ።